የአክስቴ ዳዋ

በቅርቡ ለሥራ ወደ ሞያሌ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሎጅ በር ላይ በሲሚንቶ ማሰሮ የተተከለ አንድ ቦርጫም ቁጥቋጦ አየሁ። ግንዱ ከሥሩ እንደ ጠገበ ሆድ ተነፍቷል፤ ቅርንጫፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ቅጠል የሚባል የለውም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ግን ሮዝ አበባ ተከምሮበታል። ዘበኛው በጎማ ቱቦ ውሃ ያጠጣዋል።

"ዴዘርት ሮዝ ይባላል" አለኝ። "ከናይሮቢ ነው የመጣው።"

"ከናይሮቢ?"

"አዎ። በመኪና።"

ከዚያ ሎጅ ጀርባ ተነስቶ እስከ ዳበል መንደር ድረስ በየቋጥኙ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። አልተከራከርኩም። አንዱ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ነጭ ወተት ያንጠባጥብ ስለነበር እጁን እንዲታጠብ ብቻ ነገርኩት። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው ያ የጥሬ ባቄላ ልጣጭ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ከሽታው ጋር አክስቴ እትዬ ዘሀራ መጣች።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን በኬንያው ሞያሌ ዳርቻ፣ ከብት የጫኑ ሎሪዎች በሚያልፉበት መንገድ አጠገብ ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ ጫካ ነው። ጫካ ስል ደጋ ያደገ አንባቢ ጥቅጥቅ ያለ ነገር እንዳያስብ። ግራር፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ የከርቤ ዘመድ፣ ኩይሳ፣ እሾህ፣ በየመካከሉ ቀይ አፈር። በበጋ ሁሉም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ባዶ አይደለም። እንሹ የሚባሉት ትንንሽ ሚዳቋዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሻገራሉ፣ ጅግራ ይንጫጫል፣ ዴካ የምንለው ቁጥቋጦ ብርቱካናማ ፍሬውን ያንጠለጥላል። የዴካ ፍሬ አብዛኛው ዘር ነው፤ ቆዳው ግን ስለሚጣፍጥ ቀኑን ሙሉ እየመጠጥን እንተፋው ነበር።

በመካከል ቦርጫሙ አለ። ስሙን ያወጣንለት ልጆች ነን። ሁሉም ነገር ሲደርቅ እሱ ያብባል። ያን ሁሉ ግራጫ አልፎ ሮዝ አበባው ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰው ልብሱን ረስቶ የሄደ ይመስላል። ፍየል አትነካውም። እናቴ "ፍየል ያልበላውን አንቺም አትብይ" የምትል ሕግ ነበራት፤ በልጅነቴ ስለ ተክል የተማርኩት በሙሉ ይኸው ነው።

የጫካው የመጀመሪያ ቁራጭ፣ እስከ ትልቁ ኩይሳ ድረስ ያለው፣ የአባቴ ይዞታ ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ መጋዘን ሊሠራ ያስብ ነበር። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያስብ ነበር። እናቴ ደግሞ የዳበል ቦረና ናት። ፍየሎቿ የሚውሉት እዚያ ነው፤ እሷም ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር ስትቀመጥ ብቻ ነበር ስታንጎራጉር የምትሰማው። አባቴ ስለ መጋዘኑ ሲያነሳ "እሺ፣ ከዝናቡ በኋላ" ትለዋለች። ዝናቡ ሲያልፍ "እሺ፣ ከበጋው በኋላ" ትለዋለች። በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ተስማምተው ኖሩ።

እትዬ ዘሀራ የመጣችው በበጋው መካከል ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። "ወንድሜን ሳላየው አልሞትም" ብላ ከወሎ በአውቶቡስ ተነሳች፤ ስትደርስ ግን የመሞት ምልክት አልታየባትም። በማግስቱ ጠዋት የጓሮውን በር ከፈተች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ጫካውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ያ ረቢ!" አለች። "ዳዋ! ሁሉም ዳዋ! ወንድሜን ዳዋ ወርሶት ኖሯል!"

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በቤታችን ቦረንኛ የፍየልና የእናቴ ቋንቋ ነው። ስዋሂሊ የትምህርት ቤትና የክሊኒክ ነው። አማርኛ የሰላምታና የቁጣ ነው፤ ከሁለቱ የተረፈውን አላውቀውም ነበር። ዳዋ የሚለውን ቃል የማውቀው ከክሊኒክ ነው። በስዋሂሊ መድኃኒት ማለት ነው። ነርሷ ማንኪያውን አፌ ላይ ደግና "ዳዋ ነው፣ ዋጪ" ስትለኝ ኖራለች። ስለዚህ አክስቴ ጓሯችን ሙሉ በሙሉ መድኃኒት መሆኑን በአንድ እይታ ማወቋ አስደነቀኝ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አክስቴ አንዳንዴ "ሰውን እኮ ዳዋ ይውጠዋል" ትላለች። እኛ አገር ሰው ነው ዳዋ የሚውጠው። ወሎ ውስጥ መድኃኒቱ ሰውን የሚውጥ ከሆነ በጣም ኃይለኛ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

ጎረቤታችን ሐሊማ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። "ራህማ፣ እንግዳችሁ ምን አለች?"

"ሁሉም ዳዋ ነው አለች።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ከወሎ ነው አይደል የመጣችው?" ሐሊማ ወሎን አይታው አታውቅም፤ ግን የትልልቅ ሼኮችና የዕፅ አዋቂዎች አገር መሆኑን ከማን እንደሆነ እንጃ ሰምታለች። ያን ሰሞን ራሷን እያመማት ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ቅርንጫፍ ሰብራ መጣች፣ አክስቴ ፊት ዘረጋችው፣ "ማማ፣ ዳዋ?" አለቻት።

"ዳዋ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል?" አለች አክስቴ። "ከሥሩ ንቀይው! ፀሐይ ላይ በትኚው፤ ሲደርቅ አቃጥይው።"

ተረጎምኩ። ሐሊማ በጥሞና አዳመጠች። "ምን ያህል? በያት።"

"ምን ያህል ትላለች? ይቺ ሴት ሰነፍ ናት መሰለኝ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልሽ ቀጥይበት በያት። አንዴ ተቃጥሎ የሚተው ነገር አይደለም።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ሐሊማ ሥሩን ነቀለች፣ አደረቀች፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ አጨሰችና ታጠነች። ራስ ምታቷ ተዋት። ራስ ምታት ዝም ቢሉትም የሚተው ነገር ነው፤ ያኔ ግን ይህን የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በራችን ሰው አያጣም ነበር። አንዷ ቅጠል፣ አንዱ ቅርፊት፣ ሌላው እሾህ ከነቅርንጫፉ ይዞ ይመጣል። አክስቴ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። "ዳዋ?" ይላሉ። "ዳዋ!" ትላለች። አንዳንዱን "ይሄ ክፉ ዳዋ ነው፣ ይስፋፋል" ትላለች፤ እኔ "ይሄ ኃይለኛ ነው፣ በሰውነት ይሰራጫል" እላለሁ። ሲሄዱ ወተት፣ እንቁላል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዶሮ ትተው ይሄዳሉ።

"ወንድሜ፣" አለችው አባቴን ማታ ከሱቅ ሲገባ፣ "እንደዚህ ያለ ትጉህ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። አረሙን ከየሜዳው እየለቀሙ አምጥተው ያስመረምሩኛል። ያንተ ጓሮ ነው ብቻውን የቀረው።"

አባቴ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው የሚውለው። ደንበኞቹ "እህትህ ትልቅ ሴት ናት" ይሉታል፤ እሱም "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ሰዉ ማማ ዳዋ ብሎ ይጠራት ጀመር። ይህን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ሙሽራዬ፣" አለቻት እናቴን። እናቴ እኔን ጨምሮ ሦስት ልጆች ወልዳም ለአክስቴ ሙሽራ ነበረች። "ማማ ዳዋ የሚሉኝ ምን ለማለት ነው? የዳዋ እናት? እኔን?"

እናቴ ፍየል እያለበች ነበር። ቀና አላለችም። "እትዬ፣ እኛ አገር ዳዋ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። በበጋ ሰውም ከብትም የሚኖረው በሱ ነው። አክብረውዎት ነው።"

"እህ!" አለች አክስቴ። ወንዝ መሆኑ ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጠሯት እንደ ወንዝ ዝግ ብላ ዞር ማለት ጀመረች።

የእናቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ሻሿን አፏ ውስጥ ከታ እየሳቀች ነው። "ምንድነው?" አልኳት በቦረንኛ።

"ልጄ፣ ሰዎች ተግባብተው ሲጣሉ አስታርቂ። ሳይግባቡ ሲዋደዱ ግን ምን አገባሽ?"

ማን ከማን እንዳልተግባባ አልገባኝም። እኔ እስከማውቀው ሁሉንም የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ ሁሉም ተግባብቷል።

ችግሩ አክስቴ በመመርመር ብቻ የምትቆም ሴት አለመሆኗ ነው። እራት በቀረበ ቁጥር "ልጆችህን እባብ ሳይነድፋቸው ያን ነገር አስመንጥር" ትለዋለች አባቴን።

"እሺ፣ ከዝናቡ በኋላ" አለች እናቴ፣ እንደ ልማዷ።

"ከዝናቡ በኋላ? ዝናብ ሲጠጣማ ዳዋ ይብሳል እንጂ! አሁን ደርቆ ሳለ ነው መቁረጥ። መጋዘኑን እሠራለሁ ስትለኝ ስንት ዓመትህ ነው፣ ወንድሜ? መሠረቱ ሲጣል ሳላይ አልሄድም።"

ታላቅ እህት ናት። አባቴ በሳምንቱ ጃርሶ የሚባል የቀን ሠራተኛ አነጋገረ፤ ቅዳሜ ከነጓደኞቹ ፓንጋ የሚሉትን ገጀራ ስሎ እንዲመጣ ተስማሙ።

እናቴ አልጮኸችም። "እንግዲያ ፍየሎቹን ዳበል ወንድሜ ጋ ልስደዳቸው። እዚህ ምን ይበላሉ?" አለች ብቻ። አባቴ ሻዩን ያማስል ጀመር። ስኳር አልጨመረበትም ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ግራሩ ሥር ተቀምጣ ቆየች፤ ድምፅ ግን አላሰማችም። ያን ጊዜ ነው እኔም መፍራት የጀመርኩት። መድኃኒት የሆነ ጫካ ለምን ይቆረጣል ብዬ አክስቴን ብጠይቃት "ዳዋ ስለሆነ ነዋ!" አለችኝ። መልሱ ጥያቄው ራሱ ነበር።

ሹፌሩ ካማው የመጣው በዚያ መካከል ነው። ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል፣ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ የሎሪ ሹፌር ነው፤ ጭነት እስኪያገኝ ሞያሌ ተቀምጧል። ጀርባውን ክፉኛ ያመዋል። ሲቀመጥ ያቃስታል፣ ሲነሳ እናቱን ይጠራል። እናቴ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ሐሊማ ይዛው መጣች። አክስቴ በዚያ ሰሞን ጓሮውን እያስጎበኘች መፍረድ ጀምራ ነበር፤ ቦርጫሙ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"ከሁሉም ከሁሉም ይሄ! ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው፣ ፍየል እንኳን ንቆታል። አበባውን አትዩ፣ ማታለያ ነው። የዳዋ አለቃ ማለት ይሄ ነው።"

"ምን አለች?" አለ ካማው።

"ይሄ የዳዋ አለቃ ነው አለች።"

ካማው ኮፍያውን አወለቀ። ሐሊማ ግን ጭንቅላቷን አከከች። "ይሄን እኛ ለግመል ቅማል ነው የምናጥብበት... ሰው ይጠጣዋል እንዴ?" ካለች በኋላ ለራሷ መለሰች፤ "ወሎዎች ሌላ ዘዴ ይኖራቸዋል።"

ቅዳሜ ጠዋት ጃርሶና ጓደኞቹ መጡ። ገና የመጀመሪያውን ፓንጋ ሲያነሱ ሐሊማ በአጥሩ ላይ አየቻቸውና ጮኸች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አጥሩን አልፈው ገቡና ከግራሩ ፊት ቆሙ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ መንገዱ ላይ ቆሞ ያያል።

"ዳዋ ነው! አይቆረጥም!" አለች ሐሊማ በስዋሂሊ።

ከጩኸቱ መካከል አክስቴ የለየችው አንዲት ቃል ነች። "እኮ! ዳዋ ነው!" አለች በአማርኛ፣ ስምምነት የተገኘ መስሏት። "ጃርሶ፣ ሰማህ? እነሱም ዳዋ ነው እያሉ ነው። ቁረጥ!"

ጃርሶ ፓንጋውን አነሳ። ሰዉ ከፊት ለፊቱ ተጠጋ።

"ዳዋ!" አሉ።

"ዳዋ!" አለች አክስቴ።

"ዳዋ ነው!"

"አዎ፣ ዳዋ ነው እኮ፣ ታዲያ ለምን መንገድ ትዘጉበታላችሁ?"

"ራህማ፣ ተርጉሚ!" አለኝ አባቴ። ላቡ ወርዷል።

"እነሱም ዳዋ ነው ይላሉ፣ እሷም ዳዋ ነው ትላለች።"

"እና በምንድነው የሚጣሉት?"

አላወቅሁም። በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያንን መተርጎም ብቻ ነው ያቃተኝ።

እናቴ የቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አልተነቃነቀችም። ሰዉ ግራሩን ከቧል፣ ጃርሶ ፓንጋውን ዝቅ አድርጓል፤ ትንሽ ዝም ብትል ጫካዋ የተረፈ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ካማው ከቦርጫሙ ጀርባ ብቅ አለ። ወፍራም ቁራጭ በእጁ ይዟል፤ ነጩ ወተት በክርኑ ይወርዳል። በሌላ እጁ ማንቆርቆሪያ አለ። "እናንተ ስትጣሉ ሳያልቅብኝ የኔን ልውሰድ ብዬ ነው" አለ እያቃሰተ። "አፍልቼ ዛሬውኑ እጠጣዋለሁ።"

እናቴ ከግድግዳው ተነጥላ ሮጠች። "ሱሙ!" አለችው፤ በስዋሂሊ መርዝ ማለት ነው። "ጣለው! ልብህን ነው የሚያቆመው!"

ካማው ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! ማማ ዳዋ ራሷ ነች የዳዋ አለቃ ነው ያለችኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ያዳነች ሴት ናት። እሷ ካልነገረችኝ አልጥልም።"

"እኔም እጠራጠር ነበር፤ ግን ማማ ዳዋ ካለች..." አለች ሐሊማ።

እናቴ ወደ አክስቴ ዞረች። አንድ ጊዜ ግራሩን አየች፣ ከዚያ ተናገረች። "እትዬ፣ ይሄ ዳዋ አይደለም ብለው ይንገሩት።"

"ምን? ከዳዋም ዳዋው እሱ አይደል እንዴ?"

"እትዬ፣ በነሱ ቋንቋ ዳዋ ማለት መድኃኒት ነው። ወንዝ አይደለም። መድኃኒት። ይሄ ተክል መርዝ ነው፣ ሰውየው አፍልቶ ሊጠጣው ነው፣ የሚሰማው ደግሞ እርስዎን ብቻ ነው።"

የአክስቴ ዓይን ከሐሊማ ወደ ካማው፣ ከካማው ወደ እኔ ሄደ። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሹ፣ ሁሉም በፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ ይታይ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው የገባኝ። እግሬ ወደ ቤት ማፈግፈግ ጀመረ።

"ውሸት እንዳይሆንብኝ በነሱ ቋንቋ ነው የምናገረው፤ አላህ ቋንቋ ይለያል አይደል?" አለች ቀስ ብላ።

"ይለያል፣ እትዬ። ቶሎ ይበሉ!"

አክስቴ ወደ ካማው ሄደች፣ ቁራጩን ከእጁ ነጠቀች፣ ወደ ላይ አነሳችው። "ዳዋ አይደለም!" አለች። ያ ስላልበቃት "ወላሂ፣ ይሄ ዳዋ አይደለም!" አለች። እናቴ ወዲያው ወደ ስዋሂሊ መለሰችው፤ መሐላውን ግን የተረጎመው አልነበረም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ካማው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። አክስቴ እጁን ይዛ ወደ ውሃው በርሜል ወሰደችው፣ በሳሙና እስከ ክርኑ ድረስ አጠበችው፣ እያጠበችውም ትቆጣዋለች። "ጭነት አትሸከም! ዕድሜህን አታውቅም? ሹፌር ነህ፣ ሹፌር ይነዳል!" እናቴ ስትተረጉምለት "ዳዋው ይሄ ነው?" አለ። "አዎ፣ ይኸው ነው" አለችው።

ጃርሶ አሁንም ፓንጋውን ይዞ ቆሟል። የአማርኛውንም የስዋሂሊውንም ነገር ሰምቷል፤ የቀኑ ሥራው የትኛው እንደሆነ ግን አልታየውም።

"እትዬ፣" አለ፣ "ዳዋ የሆነውን ጎረቤቱ አላስቆርጥ አለ። ይኼኛውን ደግሞ ዳዋ አይደለም ብለው በወላሂ ማሉለት። እኔ ምኑን ልቁረጥ?"

አክስቴ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ሐሊማ በአክብሮት ትጠብቃለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እናቴ የተጣለውን ቁራጭ በእንጨት እየገፋች ከፍየሎቹ መንገድ ታርቀዋለች፤ ቀና አላለችም። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ወደ አባቴ ዞረች።

"ወንድሜ፣ ምን ነካህ?" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ሰው እንዲህ ያለ ጓሮ ይመነጥራል? ለመጋዘን?"

አባቴ ለጃርሶና ለጓደኞቹ ሻይ አዘዘ፤ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ጠጡት።